በመኖሪያ ቤት ውስጥ ስለ ሰብዉፈር ድምፅ አመዛዘን

በከተማ ቤቶች ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጐን ወይም ከሶፋው ጀርባ ተቀምጦ የሚታየው፤ በገበያ «ሰብዉፈር»፤ በሰፈር አነጋገር ደግሞ «ባስ» የሚባለው ሣጥን ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ሥራው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ማውጣት ነው። ስለ ጥራቱ የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል አያልፍም፤ «ያንቀጠቅጣል» ወይም «አያንቀጠቅጥም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገዢ ሲመጣለት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሱቁን መስተዋት ያርገፈግፋል፤ ገዢውም ደረቱ ላይ ያረፈውን ምት እንደ ምስክር ቈጥሮ የብዙ ወር ቁጠባውን ይከፍላል። ሣጥኑ እቤት ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን አንዱን ኖታ የሚያጓራ፤ ሌላውን የሚውጥ፤ ከዘፋኙም ጋር የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ «ተታለልሁ» ማለት ይመጣል፤ ወይም ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ሣጥን ለመግዛት ይታሰባል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ብንገልጽ፤ ሰው የሰብዉፈሩ ጥራት ወይም ጉድለት ነው ብሎ ከሚያመሰግነውና ከሚነቅፈው ነገር አብዛኛው የሣጥኑ ሳይሆን የክፍሉ ሥራ ነው፤ ከቀረውም ውስጥ ብዙው የገዛ ጆሮአችን ጠባይ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ብቻውን ሊመዝን የሚነሣ ሰው በሚዛኑ ላይ ምን ምን እንደ ተቀመጠ ሳያውቅ ይመዝናል። ፊዚክስ ላልተማሩ ጓደኞቻችን እንዲገባ ስንል ስሌቱን በጣም ቀላል አድርገነዋል፤ መምህራኖቻችን ይህን በይቅርታ ይመለከቱልን ዘንድ እንለምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከጆሮ እንጀምር። ጤነኛ የወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚነዝረውን ድምፅ ይሰማል፤ በሰከንድ አንድ ንዝረት 1 ኸርዝ ይባላል። የሰብዉፈር ድርሻ ከዚህ ሁሉ የታችኛው ጥግ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ20 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 80፤ ቢበዛ እስከ 120 ኸርዝ ያለው ነው። በዚህ ጥግ ውስጥ ምን እንደሚገኝ ለማወቅ ያህል፤ የፒያኖ ዝቅተኛው ቁልፍ 27.5 ኸርዝ፤ የባለ 4 ክር ባስ ጊታር ዝቅተኛው ክር ደግሞ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የከበሮ ምት ሆድ የሚባለው ክፍልና በፊልም ውስጥ የሚሰማው የፍንዳታ ጕርምርምታም ከዚሁ ይገኛል።

ጆሮአችን በዚህ ጥግ እጅግ ደካማ ነው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1933 ባወጡት ጥናት ይህን በመሥመር ሥዕል አሳዩ፤ በ2003 የታረመው ዓለም አቀፍ መመዘኛም የእነርሱን መንገድ የተከተለ ነው። በዚህ መመዘኛ መሠረት በ1,000 ኸርዝ 40 ዴሲቤል ሆኖ የሚሰማን መጠነኛ ድምፅ በ20 ኸርዝ ያንኑ ያህል እንዲሰማን 100 ዴሲቤል ገደማ መሆን ይገባዋል፤ በ40 ኸርዝ 83፤ በ80 ኸርዝ ደግሞ 68 ገደማ ይበቃዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሁለተኛው ጠባይ ነው። በ1,000 ኸርዝ ድምፁን ከ40 ወደ 80 ዴሲቤል ስናሳድገው በ20 ኸርዝ ከእርሱ ጋር እኩል ለመሄድ የሚያስፈልገው ጭማሪ 19 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት የማጫወቻውን ድምፅ በጠቅላላ ከፍ ባደረግን ቍጥር ወፍራሙ ድምፅ ከሌላው ፈጥኖ ያድግብናል ማለት ነው።

የሱቁ ፈተና ለምን እንደማይታመን እንግዲህ ግልጽ ነው። ሁለት ሣጥኖች ጐን ለጐን ቀርበው አንዱ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ቢጫወት ጆሮ ያንን «ጥልቅ ነው፤ ሙሉ ነው» ይለዋል፤ ሌላውን «ደረቅ» ይለዋል። ልዩነቱ የጥራት ሳይሆን የቁልፍ አዟዟር ነው። ሁለት ሰብዉፈሮችን ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባ ነገር የሁለቱን ድምፅ መጠን ማስተካከል ነው። ለዚህም በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፕሮግራም ፍጹም ባይሆንም ለማወዳደር ያህል ይበቃል።

ጆሮ ሌላም ብልኀት አለው። የባስ ጊታር ክር 41 ኸርዝ ሲነዝር ብቻውን አይነዝርም፤ 82፤ 123፤ 165 እያሉ የሚከተሉ ተደራቢ ንዝረቶች አብረውት ይወጣሉ። ትንሽ የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝን ቀርቶ 82ንም በወጉ ሊያወጣ አይችልም። ነገር ግን አእምሮአችን ተደራቢዎቹ እኩል ተራርቀው መቆማቸውን ተመልክቶ የጐደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል፤ ስለዚህ በስልክም ቢሆን የባሱን ዜማ ለይተን እናውቀዋለን። የበገናም ድምፅ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። 10 ክሮች ያሉት ይህ መሣሪያ ክሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትደረግለታለች፤ ክሩም እርሷን እየነካ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጣል። ያ ንዝረት የተደራቢ ድምፆች ብዛት ነው። በገና በትንሽ ራዲዮ ሲሰማም «ወፍራም» የሚመስለን ስለዚህ ነው። እንግዲህ «ባስ አለው» ማለት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ትንሽ ስፒከርም ባስ ያለው ሊመስል ይችላልና። ሰብዉፈር የሚጨምረው ያን መሠረት በእውነት ማሰማትን ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንለፍ። ወፍራም ድምፅ ማውጣት ብዙ አየር መግፋት ነው። በስፒከሩ ፊት የሚታየው ኮን የሚባለው ሾጣጣ ሽፋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሄደ አየሩን ይገፋል፤ የንዝረቱ ብዛት በግማሽ በወረደ ቍጥር ያንኑ የድምፅ መጠን ለመጠበቅ የሽፋኑ እርምጃ 4 ጊዜ መብዛት አለበት። በ80 ኸርዝ 1 ሚሊሜትር የሚራመድ ሽፋን በ40 ኸርዝ 4፤ በ20 ኸርዝ ደግሞ 16 ሚሊሜትር መራመድ ይኖርበታል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሽፋን ግን የ20 ሳንቲ ሜትሩን 4 እጥፍ የገጽ ስፋት ስላለው ለአንድ ዐይነት ድምፅ ሩቡን እርምጃ ብቻ ይራመዳል። ትንሹ ሽፋን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ከልኩ ያልፍና ድምፁን ያዛባል፤ ያልተመዘገበ ድምፅ ከራሱ ጨምሮ ያወጣል። የ20 ኸርዝ ድምፅ ሲዛባ የሚወልዳቸው 40ና 60 ኸርዝ ናቸው፤ ጆሮ ደግሞ እነዚህን ከ20 ይልቅ በጣም ይሰማቸዋል። ብዙ ሰው «ኃይለኛ ነው» ብሎ የሚያደንቀው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ይህ የመዛባት ልጅ ነው።

በካርቶኑ ላይ ስለ ተጻፈው ዋት ብዙ አንናገርም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ በሺህ የሚቈጠር ዋት የተጻፈበት ደግሞ የተስማማ የመለኪያ ደንብ የሌለው የማስታወቂያ ቍጥር ስለሆነ አለማንበቡ ይሻላል። የታመነ ቍጥር ለሚፈልግ ሰው ሲ.ኢ.ኤ. 2010 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ አለ፤ ቍጥሩ የስሙ ክፍል እንጂ ዓመት አይደለም፤ የወጣው በ2006 ነውና። በዚህ መመዘኛ ሰብዉፈሩ ከ20 እስከ 63 ኸርዝ ባሉ የተወሰኑ ደረጃዎች አጭር ምት እየተሰጠው፤ የመዛባቱ ልክ ሳይታለፍ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ ይመዘገባል። ይህን የሚያሳትም ፋብሪካ ጥቂት ነው፤ የሚያሳትመውን ግን ልናከብረው ይገባል።

የሣጥን ዐይነትም ሁለት ነው። አንዱ ፈጽሞ የተዘጋ ነው፤ ኤድጋር ቪልቸር የተባሉ አሜሪካዊ በ1954 ባቀረቡት አሠራር በውስጡ የታፈነው አየር ለሽፋኑ እንደ ሞላ ያገለግላል። ሁለተኛው ቀዳዳ ያለው ነው፤ በጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ ጠርሙሱ የራሱን ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ የሣጥኑም ቀዳዳ በአንድ በተመረጠ ደረጃ ሽፋኑን ያግዘዋል። ይህ ዐይነት ሣጥን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም ለረዥም ጊዜ በግምት ይሠራ ነበር፤ ኔቪል ቲል የተባሉ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ በ1961 ስሌቱን ጻፉለት፤ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሰፉት። ዝጉ ሣጥን ወደ ታች ሲወርድ ቀስ እያለ ይደክማል፤ በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ባለ ቀዳዳው እስከ ተመረጠው ደረጃ ድረስ ይበረታና ከዚያ በታች በእጥፍ ፍጥነት፤ በኦክታቭ 24 ዴሲቤል ይወድቃል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል በሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈሷል፤ እኛ ግን በሚገባ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ሣጥን በክፉ ከተሠራ ዝግ ሣጥን እንደሚበልጥ፤ ግልባጩም እውነት እንደ ሆነ ከማለት አናልፍም። በጀርባው ካለው ቀዳዳ የእፉኝት ዐይነት የአየር ፉጨት የሚሰማ ከሆነ ግን ቀዳዳው ለሥራው ጠቦታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባን የሚመለከት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ስላላት አየሯ ከጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሽፋኑ ያንኑ ያህል ቢራመድም የሚገፋው አየር ስለ ሳሳ የሚወጣው የድምፅ ግፊት በ2 ዴሲቤል ተኩል ገደማ ያንሳል፤ በዝግ ሣጥን ውስጥ ያለውም የአየር ሞላ እንዲሁ በሩብ ይለሰልሳል። አንድ ዐይነት ሣጥን በጅቡቲና በአዲስ አበባ በትክክል አንድ አይደለም። የድምፅ ፍጥነት ግን በአየሩ ሙቀት እንጂ በመሳሳቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ስለ ክፍል የምንሰጠው ስሌት ለየትኛውም ከፍታ ያገለግላል።

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ መሠረት የ1,000 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የ40 ኸርዝ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል፤ የ20 ኸርዙ 17 ሜትር ነው። ከመኖሪያ ክፍላችን የሚበልጥ ሞገድ በክፍሉ ውስጥ ታስሮ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ሂያጁና ተመላሹ ሲገናኙም በአንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፤ በሌላ ቦታ ይጠፋፋሉ። ይህን ቋሚ ሞገድ ይሉታል። የመጀመሪያው ቋሚ ሞገድ የሚነሣው የክፍሉ ርዝመት የሞገዱ ግማሽ በሚሆንበት ደረጃ ነው። 5 ሜትር ርዝመት፤ 4 ሜትር ወርድ፤ 2.80 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራ ሳሎን ብንወስድ በርዝመቱ 34፤ በወርዱ 43፤ በከፍታው 61 ኸርዝ ላይ እንዲህ ያለ ሞገድ ይነሣል፤ በርዝመቱ ሁለተኛው ደግሞ 69 ኸርዝ ላይ ይመጣል። በሰያፍ የሚነሡትን ትተናቸዋል።

አሁን የባስ ጊታሩ ተጫዋች በዚህ ሳሎን ውስጥ ዜማውን ከዝቅተኛው ክር ይጀምር እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ኤፍ የተባለው ኖታ 44 ኸርዝ ያህል ነው፤ ከክፍሉ ወርድ ጋር ይገጥምና ግድግዳው አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ያጓራበታል። ጥቂት ኖታዎች ወደ ላይ ወጥቶ 52 ኸርዝ አጠገብ ሲደርስ እንዲህ ያለ ረዳት አያገኝምና ኖታው የተዋጠ ይመስላል። በክፍሉ መካከል ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መካከሉ የመጀመሪያው የርዝመትና የወርድ ሞገድ የሚጠፋፉበት ቦታ ስለሆነ 34ና 43 ኸርዝ ላይ ከጸጥታ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያገኛል። ሁለቱ ሰዎች በ2 ሜትር ተራርቀው ስለ አንድ ሣጥን ቢከራከሩ አንዱ «ያፍናል»፤ ሌላው «ምንም ባስ የለውም» ይላል። ሁለቱም የሰሙትን ተናገሩ፤ ሁለቱም ስለ ሣጥኑ ምንም አልተናገሩም። በልዩ ልዩ ኖታዎች ፈንታ አንድ ኖታ ብቻ እየደጋገመ የሚመታ የሚመስለው ባስ፤ ባለሙያዎች እንደ ትልቅ ነውር የሚቈጥሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

«ዘገምተኛ ባስ» እየተባለ የሚነቀፈውም ነገር እዚሁ ይገባል። ትልቅ ሽፋን ከባድ ስለሆነ ሊዘገይ ይችላል ይባላል። ነገር ግን 40 ኸርዝ ማውጣት ማለት በሰከንድ 40 ጊዜ መመላለስ ብቻ ነው፤ ይህ ለከባዱም ሽፋን የሚያስቸግር ፍጥነት አይደለም። የሚዘገየው ክፍሉ ነው። ከበሮው ተመትቶ ካበቃ በኋላ ቋሚው ሞገድ እየተላተመ ይቈያል፤ የኋለኛው ምት ሲመጣ የፊተኛው ጅራት ገና አልሞተም። የኮንክሪት ወይም የብሎኬት ግድግዳ ዝቅተኛውን ድምፅ ከሞላ ጐደል ሳይቀንስ ስለሚመልሰው ይህ ጅራት ይረዝማል። የጣውላ ወለልና ቀላል ኮርኒስ ባለው የድሮ ቤት ግን ድምፁ በከፊል ይመጠጣል፤ በከፊልም ወደ ውጭ ያልፋል፤ ባሱ የጠራና ፈጣን ይመስላል። እኛ ያንኑ አንድ ሣጥን ከኮንዶሚንየም ሳሎን ወደ እንዲህ ያለ ቤት ወስደን ስንሰማው ሌላ ዕቃ የሰማን መስሎን ነበር። ያ ቤት የራሱ ችግር ግን አላጣም፤ በአንዳንድ ኖታ ላይ ጣራው ቆርቆሮ ይንጫጫል፤ የብርጭቆ ቁም ሣጥኑም ይመልስለታል። ሰብዉፈሩ ተበላሸ ከማለት በፊት እንዲህ የሚንጫጫውን ዕቃ ፈልጎ መያዝ ይገባል።

አንዳንዶች ምንጣፍ በማንጠፍ፤ መጋረጃ በማብዛት፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶንም በግድግዳ በመለጠፍ ባሱን ለማረም ይሞክራሉ። ይህ ለቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ለ40 ኸርዝ ግን የሞገዱ ሩብ እንኳ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ የጣት ውፍረት ያለው ጨርቅ ምንም አያደርግበትም። በኤሌክትሮኒክስ ማስተካከያ የሚያጓራውን ኖታ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ መልካምም ነው። የተዋጠውን ኖታ በዚሁ መንገድ ከፍ ለማድረግ መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የተጨመረውም ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ራሱን ያጠፋልና፤ ትርፉ አምፕሊፋየሩን ማድከም ብቻ ነው።

የሚሻለው መድኃኒት ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም ቦታ መቀየር። ሣጥኑ በክፍሉ ማዕዘን ሲቀመጥ ሁሉንም ቋሚ ሞገዶች ይቀሰቅሳል፤ ድምፁ ይበዛል፤ መጓራቱም አብሮ ይበዛል። ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት የሚያገለግል የታወቀ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን ሰው በሚቀመጥበት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ባሱ እየተራመደ የሚሄድ ሙዚቃ መክፈት፤ ከዚያም በጉልበትና በእጅ እየዳሁ በግድግዳው ዙሪያ ማዳመጥ ነው። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የተሰሙበት ቦታ ሲገኝ ሣጥኑ እዚያ ይቀመጣል፤ አድማጩም ወደ ሶፋው ይመለሳል። የቤቱ ባለቤቶች ቢስቁብን እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ዘዴው የቆመው ሄልምሆልዝ በ19ኛው መቶ ዓመት ባስረዱት ሕግ ላይ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የድምፁ ምንጭና አድማጩ ቦታ ቢለዋወጡ የሚሰማው ነገር አይለወጥም።

ሁለተኛ መድኃኒትም አለ፤ ይህኛው ገንዘብ ይጠይቃል። ቶድ ዌልቲ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ2002 ባቀረቡት ጥናት ብዙ ሰብዉፈሮችን በአራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ በልዩ ልዩ ቦታ አስልተው ሲመለከቱ በአራቱ ግድግዳዎች መካከል ላይ አንዳንድ፤ ወይም በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ላይ ሁለት ብቻ ማስቀመጥ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት በጣም እንደሚያጠብ አገኙ። አንደኛው የሚቀሰቅሰውን ሞገድ ሌላው ስለሚሽረው ነው። እንግዲህ አንድ ግዙፍ ሣጥን ለመግዛት ያሰበ ሰው በዚያው ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ቢገዛ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ምክር ከሻጭ አፍ አልሰማንም።

ሰብዉፈሩ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚጋጠምበትም ድንበር ችላ ሊባል አይገባም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ሞገድ ከ4 ሜትር በላይ ስለሆነ በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ባለው ጠባብ ርቀት ከየት እንደ መጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ድንበሩ በዚህ ደረጃ ሲቈረጥ ሣጥኑ የትም ቢቀመጥ ድምፁ ከፊት የመጣ ይመስላል። ድንበሩ 150 ወይም 200 ኸርዝ ድረስ ከፍ ሲል ግን የዜና አንባቢው ድምፅ ከሶፋው ጀርባ መሰማት ይጀምራል፤ የአዋቂ ወንድ ንግግር መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነውና። በሣጥኑ ጀርባ «ፌዝ» የተባለውን ማብሪያ በሁለቱም በኩል ሞክሮ በድንበሩ ላይ ያለው ድምፅ ይበልጥ የሚሞላበትን መምረጥ ይበቃል።

ታዲያ አድማጭ በመጨረሻ ምን ይስማ? እኛ ሦስት ነገር እናዳምጣለን፤ ሦስቱም የሚሰሙት በቤት፤ በተለመደው መቀመጫ ላይ፤ በተለመደው የድምፅ መጠን ነው። ባሱ ኖታ እየለዋወጠ በሚራመድበት ዘፈን እያንዳንዱን ኖታ በከንፈራችን ተከትለን ልናንጐራጕረው እንችላለን ወይ? ከበሮው ሲያቆም ባሱም ያቆማል ወይ? ሦስተኛው ሰብዉፈሩን ማጥፋት ነው። በሚገባ የተስተካከለ ሰብዉፈር ሲሠራ እዚያ መኖሩ አይታወቅም፤ ሲጠፋ ግን ሙዚቃው በድንገት ይቀጥናል። ሲበራ «አሁን ሰብዉፈሩ ተከፈተ» የሚያሰኝ ከሆነ ድምፁ በዝቷል። ብዙ ሰው በዚህ ፈተና ቁልፉን ወደ ግራ ማዞር ሳይኖርበት አይቀርም።

ለፈተናው የሚመረጠውም ሙዚቃ ይታሰብበት። በሸክላ የታተመ የድሮ ዘፈን እጅግ ዝቅተኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ የለበትም፤ ወፍራም ድምፅ የሸክላውን መሥመር አስፍቶ ቦታ ስለሚፈጅ ቀራጮቹ ይቈጥቡት ነበር። በዚህ ዘፈን ላይ «አያንቀጠቅጥም» ብሎ ሣጥን መንቀፍ ትክክል አይደለም፤ በሸክላው ላይ የሌለውን ከራሱ ጨምሮ የሚያንቀጠቅጥ ሣጥን ነው የሚነቀፈው። የፊልም ፍንዳታም ጥሩ ዳኛ አይሆንም፤ እውነተኛው ፍንዳታ እንዴት እንደ ነበረ ማንም አድማጭ አያውቅምና። የሰው እጅ የሚመታው ከበሮና ክር ግን ሁላችንም በቀጥታ የሰማነው ነገር ስለሆነ ለማመዛዘን ይመቻል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይሆናል የሚሉን ጓደኞች አሉ። ሾን ኦሊቭ የተባሉ ሊቅ በ2004 ባወጡት ጥናት አድማጮች ስፒከሩን ሳያዩ ድምፁን ብቻ ሰምተው የሰጡትን ማርክ ከልኬቱ ጋር ሲያስተያዩ፤ ከጠቅላላው ፍርድ ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ የወፍራም ድምፅ ድርሻ መሆኑን አግኝተዋል። ከ10 ኦክታቭ ገደማ ከሚሆነው መስማታችን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ ለያዘ ጥግ ይህ ትልቅ ድርሻ ነው።

ስለ ጎረቤትም አንድ ቃል እንጨምር። ቀጭኑን ድምፅ በሚገባ የሚያግድ የብሎኬት ግድግዳ ወፍራሙን ያን ያህል አያግደውም፤ ስለዚህ በማዶ ያለው ጎረቤት ከዘፈኑ የሚደርሰው ዜማውና ግጥሙ ሳይሆን ምቱ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከሁሉ የበለጠ የሚደርሰው ያ የሚያጓራው አንድ ኖታ ነው። ይህ ኖታ ቦታ በመቀየር ወይም በማስተካከያ በ6 ወይም በ8 ዴሲቤል ዝቅ ቢል በሳሎኑ ያለው ድምፅ ይጠራል፤ በማዶውም እንቅልፍ ይገኛል። ከሣጥኑ ሥር የሚደረገው ላስቲክ ወይም ስፖንጅ ደግሞ በወለሉ በኩል የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አያግደውም።